የወይዘሮ ለተማርያም ዘይቱን

ሐረር ውስጥ ቅጽል ስም ያልወጣለት ሰው ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ የሚፈራ ነው። እኔ በ1953 ዓ.ም. ከመንዝ አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ ስመጣ፣ ሳምንት ሳይሞላኝ «ጋቢው» ተብያለሁ፤ በዚያ ፀሐይ ጋቢዬን አልጥል ብዬ ነበርና። ስለዚህ ጽጌሬዳን ለማግባት ሽማግሌ ልልክ ስል፣ ባልደረቦቼ «የወይዘሮ ዘይቱንን ልጅ ነው?» ብለው ሲሳሳቁ ብዙም አልገረመኝም። እናትየዋ ፍራፍሬ ይወዳሉ ማለት ነው ብዬ አለፍኩት።

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል እንዲሉ፣ ከሰርጉ በኋላ አማቴ ዘንድ ምሳ ስጠራ ባዶ እጄን አልሄድም ብዬ ከፈረስ መጋላ ገበያ አንድ ዘንቢል የበሰለ ዘይቱን ገዝቼ ገባሁ። ዘይቱን የሐረር ሰው የሚወደው ፍሬ ነው፤ ሲበስል ቆዳው ቢጫ፣ ውስጡ ሮዝ፣ ጥቃቅን ፍሬው ጥርስ ውስጥ የሚሰነቀር፣ ሽታው ከጎረቤት የሚደርስ። ወይዘሮ ለተማርያም ዘንቢሉን ሲያዩ ፊታቸው ደም መሰለ። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ፤ ምሳው እስኪያልቅም አልወጡም። ጽጌሬዳ ዘንቢሉን አንስታ ለሰፈር ልጆች አከፋፈለችው። እኔ ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ ብቻዬን እየበላሁ ቀረሁ።

ታሪኩን ግማሹን ከሰፈር ሰው፣ ግማሹን ከባለቤቴ ሰማሁ፤ ዋናውን የሰማሁት ግን ከዓመታት በኋላ ነው። እንደሰማሁት እነግራችኋለሁ። አማቴን ስለምወዳቸው አላሳምርላቸውም።

ወይዘሮ ለተማርያም ሐረር ተወልደው ሐረር ያረጁ ሰው ናቸው። አያታቸው ከሸዋ ከጦሩ ጋር መጥተው እዚሁ ጎጆ ቀልሰው የቀሩ ነበሩ። እሳቸው ግን ከጀጎል ግንብ ወዲያ ያለው ዓለም እምብዛም አያሳስባቸውም። ገበያ ላይ በሐረሪኛ ይከራከራሉ፣ እንጨት ይዘው ከሚመጡት የገጠር ሴቶች ጋር በኦሮምኛ ይቀልዳሉ፣ በአማርኛ ይጸልያሉ። ባላቸው ግራዝማች ሀብተወልድ ጣሊያን በወጣ በማግስቱ ዓመት ሲሞቱ፣ አንዲት ሴት ልጅና ሁለት የሚከራዩ ክፍሎች ትተውላቸዋል። በኪራዩና በፈትላቸው ይኖሩ ነበር። አንድ ድካም ነበረባቸው፦ በደብሩ ሴቶች ዘንድ ስማቸው እንዲጠራ ይወዱ ነበር። ምንጣፍ ሲያልቅ የሚያመጡት እሳቸው፣ ለጥምቀት ድባብ ሲታደስ ጥለቱን የሚገዙት እሳቸው። ሰጥተው ደግሞ ዝም አይሉም፤ ያመጡት ነገር ሲነሳ ትንሽ ሳል ሳል ያደርጋሉ፣ ሰው ዞር ብሎ እንዲያያቸው።

ከደብሩ ወደ ፈረስ መጋላ በሚያወጣው መንገድ ጥግ፣ ሐሊማ የምትባል የሐረሪ ሴት ፍራፍሬ ትሸጥ ነበር። ከአማቴ ጋር እኩያ ናት፤ እኔ አንቱ ልላት በተገባ ነበር። ግን «አንቱ የሚለኝ ሰው ዋጋ ሊያስቀንሰኝ ነው» እያለች ስለምትስቅ፣ ከተማው ሁሉ አንቺ ይላታል፤ እኔም እንደዚያው። ሰፌዶቿ ላይ የደጋ ሰው ስማቸውን እንኳ የማያውቃቸው ፍሬዎች ይደረደራሉ። ጊሽጣ አለ፤ ቅርፊቱ ጎርበጥባጣ፣ ውስጡ እንደ አይብ ነጭ፣ በእያንዳንዱ ጉርሻ ጥቁር ፍሬ የሚያስተፋ። የጊሽጣ ዘመድ የሆነው አምበሾክ አለ። ካዝሚር አለ፤ ቆዳው አረንጓዴ፣ ሥጋው ቅቤ የመሰለ፣ የበላውን ሰው እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው። ሐሊማ ካዝሚር ለዳኛና ለዘበኛ አልሸጥም ትል ነበር። ከውሃው ይልቅ ልጡ የሚበላ ትርንጎ አለ። እነሱ ቲን የሚሉት፣ እኛ በለስ የምንለው የቁልቋል ፍሬ አለ። ዘይቱንም አለ። እነዚህ ፍሬዎች ከየት አገር እንደመጡ የሚጠይቅ ሰው ሐረር ውስጥ አልነበረም። ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ በየጓሮው የነበሩ ይመስሏቸዋል፤ ለጓሮው ዛፍ ማን የትውልድ ሐረግ ይቆጥራል?

የሐረር ክርስቲያንና እስላም አብሮ ይኖራል እንጂ አብሮ ሥጋ አይበላም። ቢላዋ ያረፈበት ነገር ሁሉ ይለያያል። ፍሬ ግን ማንም አላረደውም፣ ማንም አልባረከበትም፤ ስለዚህ ከቤት ወደ ቤት የሚሻገረው እሱ ነው። ለፋሲካ ከሐሊማ ቤት ጊሽጣ ይመጣል። ለኢድ ከአማቴ ጓሮ ሮማን ይሄዳል። ሁለቱ ሴቶች ሲገናኙ እህቴ ነው የሚባባሉት፤ ጽጌሬዳ ጥርስ ያወጣችውም የሐሊማን ትርንጎ እየነከሰች ነው ይባላል።

በ1943 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም አጋማሽ ጽጌሬዳን ተስቦ ያዛት። ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ሰውነቷ ነደደ፣ እናቷንም አላውቅ አለች። በደብረ ዘይት እሑድ አማቴ ልጃቸውን ለጎረቤት ትተው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። የዕለቱ ስብከት ስለ ደብረ ዘይት ነበር፤ የዘይት ዛፍ ስለሞላበት ተራራ፣ ጌታም በዛፎቹ መካከል ስለመቀመጡ። አሁን ሳስበው፣ ሐረር ተወልዶ ላደገ ሰው የዘይት ዛፍ ሌላ ምን ሊመስለው ይችላል? ዘይቱን የሚባል ዛፍ በየጓሮው ቆሟል። አማቴ ጌታን ያዩት በዘይቱን ጥላ ሥር ነበር፣ ምናልባትም ሲርበው አንዱን ቀጥፎ ሲበላ። ከቅዳሴ በኋላ በሴቶቹ መካከል ተንበርክከው፣ ሁሉም እየሰማቸው ተሳሉ፦ ልጃቸው ከዳነች በደጁ የዘይት ዛፍ ሊተክሉ።

ጽጌሬዳ ዳነች። አማቴም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐሊማ ሄዱ። የስለት እንደሆነ ነገሯት፤ የሚፈልጉት ያቺን የተባረከችውን ዘይቱን መሆኑንም ነገሯት። ሐሊማ ደስ አላት። ልጆቿ ከሼሁ ዘንድ ቁርኣን ሲቀሩ፣ አላህ በቲንና በዘይቱን መማሉን ሰምታለች። ሁለቱም ፍሬዎች በሰፌዷ ላይ ስላሉ የእሷ ሰፌድ ከሌላው ነጋዴ ሰፌድ ልዩ እንደሆነ ታምን ነበር።

«አላህ የማለባት ፍሬ ናት እህቴ» አለች። «ወላሂ ዘይቱን ናት።»

ችግኙን ከራሷ አትክልት ቦታ ነቅላ፣ ሥሩን ከነአፈሩ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠቻቸው። ዋጋውን አልቀበልም አለች፤ የፈጣሪ ቤት የሚሄድ ነገር አይሸጥም ብላ። እንግዲህ በዚያን ቀን አንዲት ክርስቲያንና አንዲት እስላም፣ ሁለቱም ከልባቸው፣ አንድ ስሕተት ላይ ተስማሙ። በመካከላቸው የነበረው አንድ ቃል ብቻ ነው።

ዛፉ በደብሩ ግቢ በምዕራብ በኩል ተተክሎ በሦስተኛው ዓመት አፈራ። ያን ጊዜ ለአማቴ የክብር ዘመን ሆነ። በየዓመቱ በደብረ ዘይት እሑድ ዛፉ ሥር ቆመው፣ ፍሬውን በነጭ ጨርቅ ከተሸፈነ ሰፌድ እያወጡ ለምእመኑ ያድላሉ። ሰውም በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ተሳልሞ ይበላል። ቅጠሉን ለሆድ ቁርጠት ይወስዱታል፤ ያሻለውም ነበር። ወይዘሮ ለተማርያም ሳል ማለት ተዉ። ማን ዛፉን እንደተከለ የማያውቅ ስላልነበር ሳሉ አላስፈለጋቸውም።

በ1949 ዓ.ም. ለደብሩ አዲስ አለቃ ተሾሙለት። መምሬ አባይነህ ይባላሉ፤ ኢየሩሳሌም ሄደው የተሳለሙ፣ የፊት ጥርሳቸው የወለቀ፣ ሳቂታ ሽማግሌ ነበሩ። የዚያን ዓመት ደብረ ዘይት ከቅዳሴ ሲወጡ፣ ዛፉ ሥር የተሰበሰበውን ሕዝብ አይተው ጠጋ አሉ። ምን እንደሆነ ሲጠይቁ አማቴ ሰፌዳቸውን ከፍ አድርገው፣ ጌታችን በደብረ ዘይት የተቀመጠበት ዛፍ ፍሬ እንደሆነ ነገሯቸው።

መምሬ አንዱን አነሱ፣ አሸተቱ፣ በጎን ጥርሳቸው ነከሱም።

«ይኼማ ዘይቱን ነው» አሉ።

«አዎ አባ፣ ዘይቱን ነው» አሉ አማቴ፣ በደስታ።

መምሬ ነገሩ ሲገባቸው ሳቃቸው አመለጣቸው። ክፋት አልነበረባቸውም፤ አያት በልጅ ልጁ ስሕተት እንደሚስቀው ነው የሳቁት። ዘይት ማለት ወይራ መሆኑን ነገሯቸው። ኢየሩሳሌም በዓይናቸው አይተውታል፤ የእኛው ወይራ ዘመድ ነው፣ ያ ሴቶቹ የወተት ዕቃ የሚያጥኑበት። ይህ ግን የልጆች ፍሬ ነው፣ ከባሕር ማዶ በቅርቡ የመጣ፣ ጌታችን አይቶት የማያውቅ።

ከዚያ ሕዝቡ ሳቀ። ስንት ዓመት ሙሉ ያንን ፍሬ በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ተሳልሞ የበላ ሰው፣ አብሮ ማመኑን ረስቶ ሳቀ። አንዱ ከኋላ፣ ወይዘሮ ለተማርያም ካዝሚር ተክለው ቢሆን ኖሮ ቅዳሴው ላይ ሁላችንም በተኛን ነበር አለ። ሳቁ እንደገና ተነሳ። አማቴ ሰፌዱን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ጽጌሬዳ አጠገባቸው ነበረች፤ ያን ጊዜ እናቴ ቁመታቸው ያጠረ መሰለኝ ትላለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ደስ ባላቸው ነበር። ስማቸው ይጠራ ዘንድ ይወዱ ነበር አላልኳችሁም? አሁን ተጠራ።

መምሬ የሰዉ ሳቅ ሲበዛ አዘኑ። ሊያጽናኗቸው ብለው፣ «ማን አሳሳተሽ ልጄ?» አሏቸው።

መልካም ሰው ነበሩ፤ ጥያቄው ግን መጥፎ ጥያቄ ነበር። አማቴ ቀና አሉ።

«ሐሊማ ናት» አሉ። «እኔስ ወይራ ልተክል ነበር። አይደለም፣ ዘይት ይህች ናት ብላ፣ ወላሂ ብላ ማለችልኝ። አታለለችኝ።»

ሳቁ ቆመ። እንዲህ ያለ ውሸት ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው፤ ወዲያው ይሠራል። አሁን በፊታቸው የቆመችው የሚሳቅባት ሞኝ ሴት ሳትሆን የተበደለች ምእመን ነበረች። አንዲቷ ሴት እቅፍ አደረገቻቸው። ወንዶቹ አጉረመረሙ፤ እስላሟ በስለታችን ቀለደች፣ ሆን ብላ ነው አሉ። መምሬ አባይነህ ፍሬ ነው፣ ነውር የለበትም፣ ዛፉን ተዉት ብለው ነበር። የሰማቸው የለም። በሳምንቱ ዛፉ ከነሥሩ ተነቀለ። የደብሩ ሴቶች ከሐሊማ መግዛት አቆሙ፤ ቤተ ክርስቲያን መውጫ መንገድ ላይ እንዳትቀመጥም የሚያስጠነቅቅ ሰው ላኩባት። ሐሊማ ሰፌዶቿን ሰብስባ ከከተማው በሮች ወደ አንዱ፣ ወደ ፈላና በር ሄደች። እዚያ ሽንኩርትና ቃሪያ ከሚሸጡት መካከል፣ ጊሽጣዋ እየለሰለሰ እየተበላሸ፣ ስትታገል ኖረች።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። አማቴ ያን ቀን ማታውኑ ሄደው ቢያቃኑት ይሆን ነበር። አልሄዱም። በሚቀጥለው ሳምንት ትንሽ ከበደ። በወሩ ደግሞ ሰው ሁሉ ስላመነው፣ እውነቱን መናገር አዲስ ውሸት የሚመስል ሆነ። ለፋሲካ ከሐሊማ ቤት ጊሽጣ አልመጣም። ለኢድ አማቴ ሮማኑን ከዛፉ ላይ ሲደርቅ ዝም ብለው አዩት። ወደ ፈላና በር የሚያስኬድ ጉዳይ ሲኖራቸው ጽጌሬዳን ይልካሉ። የከተማው ቀልደኛ ግን ምሕረት የለውምና፣ «ወይዘሮ ዘይቱን» የሚለው ስም ተጣብቆባቸው ቀረ። እኔ በአንድ ዘንቢል ዘይቱን የገባሁት እዚህ መሐል ነው።

ለነፍስ አባታቸው ተናዘዋል። ይህን ያወቅነው በኋላ ከራሳቸው አፍ ነው። ነፍስ አባታቸውም ብልህ ሰው ኖረዋል፤ ስግደቱን ቀለል አድርገው፣ ሄደሽ ለሐሊማ ንገሪ፣ ከዚያም ለደብሩ ሴቶች ንገሪ አሏቸው። አማቴ የታዘዙትን ስግደት እጥፍ አድርገው ሰገዱ። ጾሙን ጨመሩ። ያን ጊዜ እቤታቸው ገብተን እንኖር ስለነበር፣ ጉልበታቸው እስኪያብጥ ድረስ በየሌሊቱ ከመሬት ሲነሱ እንሰማቸው ነበር፤ እኔም ለጽጌሬዳ፣ እናትሽስ ጻድቅ ናቸው እላት ነበር። እሷም ምስጢሩን አታውቅም ነበር። ሁሉን ነገር አደረጉ፣ ያቺን አንዲት ነገር ብቻ አላደረጉም። ጉልበት ከምላስ ይልቅ ይታዘዛል።

በ1957 ዓ.ም. ክረምት ሐሊማ ታማለች የሚል ወሬ መጣ። ከአልጋ የማትነሳ ሆናለች አሉ። አማቴ ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። በሦስተኛው ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው ጽጌሬዳን ነይ ተከተይኝ አሏት። ከፈረስ መጋላ ወደ ፈላና በር በሚወርደው ቀጭን መንገድ ላይ፣ ግንቡን ተደግፈው ቆሙና ሁሉንም ነገሯት። ወይራ ልተክል ነበር ማለታቸው ውሸት መሆኑን፣ ችግኙን ራሳቸው ለምነው መውሰዳቸውን፣ ሐሊማ ዋጋ እንኳ አለመቀበሏን። «ልነግራት ነው የምሄደው» አሉ። «እግሯ ላይ እወድቃለሁ። አንቺ ምስክር ሁኚኝ።» ጽጌሬዳ እናቷን ያን ቀን እንዳከበረቻቸው ከዚያ በፊት አክብራቸው አታውቅም። እጃቸውን ይዛ ወሰደቻቸው።

የሐሊማ ልጅ ሳኒ በሩን ከፍቶ አስገባቸው። ሐሊማ እንደ ሐረሪ ቤት ወግ ቀይ በተቀባው መደብ ላይ ትራስ ተደግፋ ተኝታለች፤ ከስታለች፣ ዓይኗ ግን ያው ነው። አማቴን ስታይ ለመነሳት ሞከረች። አማቴ ወደ እግሯ ጎንበስ ሊሉ ሲሉ፣ ሐሊማ እጃቸውን ያዘችና ቀደመቻቸው።

«መምጣትሽን አላህን ስለምነው ኖሬያለሁ» አለች። «እኔ ነበርኩ መምጣት ያለብኝ። አፈርኩ። ያን ጊዜ ሼሁን ሄጄ ጠየቅሁ፤ አላህ የማለባት ዘይቱን ሌላ ናት፣ ዐረብ አገር ናት አለኝ። ሳላውቅ በአላህ ስም ማልኩ። ለመሐላው ድሆች አበላሁ፣ ጾምኩ፤ እሱ በእኔና በአላህ መካከል ነው። ያንቺ ሐቅ ግን ቀረብኝ። ስለትሽን አበላሸሁብሽ፣ በሰው ፊት አሳቅሁብሽ። ያንቺን ሐቅ አላህም አይምረኝም፣ ካላንቺ በቀር። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

አማቴ ከመደቡ ጫፍ ተቀመጡ። ሐሊማ ትንፋሿን ሰብስባ ቀጠለች።

«ወይራ ልትተክዪ ስትዪ ከለከልኩሽ አሉ። እኔ እንዲያ ማለቴን አላስታውስም። ስንት ዓመቱ። አንቺ ግን አትዋሺም።»

ጽጌሬዳ ይህን ስትነግረኝ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ትቆማለች። በሩ በኩል የሽንኩርት ሻጮቹ ጫጫታ ይሰማ ነበር አለችኝ። እናቷን አየቻቸው። መናገሪያው ጊዜ ያ ነበር፤ ከዚያ የተሻለ አይገኝም። ሐሊማ እጃቸውን እንደያዘች ትጠብቃለች። ሳኒም ቆሞ ይጠብቃል፣ እሱም የአማቴን ፊት እያየ።

«ይቅር ለእግዜር» አሉ አማቴ።

ሐሊማ አለቀሰች። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ እያለች እጃቸውን ደጋግማ ሳመች። አማቴም እጃቸውን አልሰበሰቡም። ሲወጡ ሳኒ እስከ ደጅ ሸኝቷቸው፣ እናቴን አሳረፏት ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

በዚያው ማታ ጽጌሬዳ ነገረችኝና እኔ ተቆጣሁ። ልጅ ነበርኩ፤ ለእውነት መቆም ቀላል ነገር ይመስለኝ ነበር። ወደ አማቴ ክፍል ገብቼ፣ እማማ፣ ነገ ጠዋት አብረን እንሂድና ይንገሯት አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ተቀምጠው ነበር። «ቃሉን እኮ ይዤው ሄጄ ነበር ልጄ» አሉኝ። «እሷ ቀድማ ወሰደችብኝ።» ደግሞም፣ ነገ እሄዳለሁ አሉ።

ሐሊማ በማግስቱ ሞታ ቢሆን ኖሮ አማቴ ምክንያት ባገኙ ነበር። አልሞተችም። ሼኽም ሐኪምም ያቃተው በሽታ በሳምንቱ ለቀቃት፤ ልቤ ስላረፈ ነው ትል ነበር። ሳኒ ነገሩን ለሰው ሁሉ ተናገረ። ወሬው ደብሩ ደረሰ። ወይዘሮ ለተማርያም ያዋረደቻቸውን ሴት ቤቷ ድረስ ሄደው ይቅር አሏት ተባለ። መምሬ አባይነህ አርጅተው ነበር፤ ሆኖም ይቅር ባይነትን ሲሰብኩ፣ ስም ሳይጠሩ፣ ሁሉም የሚያውቀውን ምሳሌ አነሱ። ምእመኑ ዞር ዞር እያለ አማቴን አየ። «ወይዘሮ ዘይቱን» የሚለውን ስም ከዚያ ወዲህ የሚደፍር ሰው አልተገኘም። አማቴ አገልግሎቱ ሳያበቃ ተነስተው ወጡ፤ ሰዉ ውዳሴን ሸሹ አለ።

የደብሩ ሴቶችም፣ የተበደሉት እሳቸው ይቅር ካሉ እኛ ማን ነን ብለው ከሐሊማ መግዛት ጀመሩ። ሐሊማ ወደ ቀድሞ ጥጓ ተመለሰች። ይህም የአማቴ በጎ ሥራ ተብሎ ተቆጠረ። እኔ ከዚያ ወዲያ ንገሯት ማለቱን ተውኩ። አንዳንድ ጊዜ ማታ ራት ስንበላ፣ ነገ፣ ነገ ይሉና እኛ ሳንጠይቃቸው ይቆማሉ። ጽጌሬዳም ወጡን ታቀርብላቸዋለች።

አሁን በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በዚያ ጥግ ማለፍ የግድ ነው፤ ሌላ መንገድ ቢዞሩ ሐሊማ ሰው ልካ ታስጠይቃለች። ሲመጡ ስታይ፣ ገበያተኛውን ትታ ከመቀመጫዋ ትነሳለች። እጃቸውን ይዛ በአጠገቧ ለቆመው ሁሉ፣ ለማያውቃትም መንገደኛ ጭምር ትናገራለች።

«ይህች ናት» ትላለች። «በድያት አፉ ያለችኝ ይህች ናት።»

ሰዎቹ አማቴን በአክብሮት ያዩዋቸዋል። አማቴ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ይስቡና፣ ተዪው ሐሊማ፣ ተዪው ይላሉ። ሐሊማ ትሕትና ይመስላታል።